ቫይረሱ ዝም ሲል

ጎብዬ ላይ ኮምፒውተር በምንም ምክንያት ይበላሽ፣ የበሽታው ስም አንድ ነው፤ ቫይረስ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ከሆነ ቫይረስ ነው። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ተደፍቶበት ከሆነም ቫይረስ ነው። ከወልዲያ እስከ ቆቦ በአስፋልቱ ዳር ያሉት ጠጋኞች (ዘፈን የሚጭኑት፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሱት፣ ሞባይል የሚፈቱትም እነሱው ናቸው) መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ ፎርማት። "ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት እናድርገው" ይላሉ። ከዚያ የልጁ የልደት ፎቶ፣ ከጅዳ የመጣው የሠርግ ቪዲዮ፣ የወንድምዬው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም አብሮ ይጠረጋል። ኮምፒውተሩ ግን እንደ አዲስ ይፈጥናል። ባለቤቱም ሒሳቡን ከፍሎ፣ አመስግኖ ወደ ቤቱ ይገባል።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለነዚህ ሁለት ቃላት ታሪክ ነው፤ ስለ ቫይረስና ስለ ፎርማት። ታሪኩ ከራያ ሜዳ ይነሳና ሜሪላንድ ያለ የአንድ አበሻ ቤት ይገባል፤ ከዚያም ዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት ይቆማል። (ዓመቶቹ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በግል ኮምፒውተሮች ላይ መጀመሪያ ከተዛመቱት ቫይረሶች አንዱ "ብሬይን" ይባላል። በ1986 የጻፉት ላሆር፣ ፓኪስታን ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ የነበራቸው ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ። ለሕክምና የሠሩትን ሶፍትዌር ሰው እየገለበጠ ቢያስቸግራቸው ነው የጻፍነው ይላሉ። የሚገርመው፣ ቫይረሱ ውስጥ ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥራቸውን ጭምር አስቀምጠውበት ነበር። ኮምፒውተርህ ከታመመ ደውልልን ማለታቸው ነው! በፍሎፒ ዲስክ ተሳፍሮ ባሕር ተሻገረና ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ሳይቀር የሚደውልላቸው በዛ።

ከዚያ 2000 መጣ። በግንቦት መጀመሪያ ላይ ከማኒላ፣ ፊሊፒንስ የተነሳ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ኢሜይል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚሊዮኖች ኮምፒውተር ገባ። ርዕሱ "እወድሻለሁ" የሚል ነው፤ ማን አይከፍተውም? ፖሊስ ተጠርጣሪውን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ኦኔል ደ ጉዝማን የሚባል ተማሪ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ በፊሊፒንስ ቫይረስ መልቀቅን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አልነበረም። አገሪቱ ሕጉን በጥድፊያ አወጣች፤ ሕግ ደግሞ ወደኋላ ሄዶ አይሠራምና ልጁ ሳይቀጣ ቀረ። አድራጊው ታውቆ፣ የሚጠየቅበት ሕግ ሲጠፋ ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ወደኛ ሰፈር ስንመጣ ቫይረስ የገባው በኢሜይል ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት አልነበረውምና በፍላሽ ነው የገባው። ዊንዶውስ ኤክስፒ አንድ መጥፎ ቸርነት ነበረው፤ ፍላሽ ስትሰኩበት ውስጡ ያለውን ፕሮግራም ሳይጠይቃችሁ ሊያስነሳላችሁ ይችላል። አውቶራን ይሉታል። ቫይረስ ጸሐፊዎች ይህን በር አገኙት። ፍላሹ ዘፈን ሊያስጭን ቆቦ ይሄዳል፣ ሙዚቃ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ ከዘፈኑ ጋር ቫይረስ ይዞ ጎብዬ ይመለሳል። በማግስቱ ጎረቤት ይዋሰዋል። ሰኞ ትምህርት ቤት ይገባል። ገበያተኛ ከገበያ ጉንፋን ይዞ እንደሚመለሰው ነው።

ምልክቱን የዘመኑ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፎልደሮቹ በሙሉ ጠፍተው በምትካቸው ቀስት ያለበት ሾርትከት ይቀመጣል። ወይም ፎልደር የሚመስል ግን ፎልደር ያልሆነ ነገር ይፈጠርና ስትከፍቱት ራሱን ያባዛል። ታስክ ማናጀሩን ልክፈት ስትሉ "በአስተዳዳሪው ተከልክሏል" ይላችኋል (አስተዳዳሪው እናንተ ናችሁ!)። ፋይሎቹ እኮ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ በአንዲት የአትሪብ ትእዛዝ መልሶ የሚያወጣቸው ልጅ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም ነበር፤ እሱ ልጅ እንደ ጠንቋይ ነው የሚታየው። እሱን ያላገኘ ፎርማት ያስደርጋል።

ማይክሮሶፍት ይህን በር በ2011 መጀመሪያ ላይ በአፕዴት ዘጋው። ችግሩ አፕዴት የሚያደርግ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ የኛ ዊንዶውስ በተገለበጠ ሲዲ የተጫነ ነው፣ ኢንተርኔትም የለ። ስለዚህ በ2008 መጨረሻ ዓለምን ያስጨነቀው ኮንፊከር ሌላው ዓለም ከረሳው በኋላም እኛ ዘንድ ቤተሰብ ሆኖ ቆየ። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ፍላሽ እንደገና ነገሠ፤ ፊልሙም፣ ዘፈኑም፣ የፈተና ወረቀቱም በኪስ መዞር ጀመረ። ሾርትከቱም አብሮ።

እነዚህ ሁሉ ሁለት ጠባይ ነበራቸው። አንደኛ ጯሂ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ያበደ መስኮት ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁለተኛ ማንነታችሁን አያውቁም፤ ያገኙትን ሁሉ ይይዛሉ። በዚህ ትምህርት ቤት ያደገ ትውልድ አንድ ድምዳሜ ይዞ ወጣ፤ ኮምፒውተሬ ካልጮኸ ደህና ነው።

ድምዳሜው የፈረሰው በ2012 ነው።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የባህሬን የመብት ተሟጋቾች የደረሳቸውን አጠራጣሪ ኢሜይሎች መርምሮ ፊንስፓይ የሚባል ፕሮግራም አገኘ። ይሄ የሰፈር ልጅ የጻፈው አይደለም። ጋማ የሚባል የእንግሊዝና የጀርመን ኩባንያ ለመንግሥታት ይሸጠው የነበረ ዕቃ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ የስካይፒ ንግግር ይቀዳል፣ ኪቦርድ ላይ የተመታውን ፊደል ይለቅማል፣ የይለፍ ቃል ይወስዳል፣ ማይክራፎንና ካሜራ ይከፍታል። ፍጥነት አይቀንስም። ፎልደር አይደብቅም። እንዲያውም ኮምፒውተሩ ደህና ሆኖ ቢቆይለት ይመርጣል፤ ባለቤቱ ጠጋኝ ዘንድ እንዳይወስደው።

ታዲያ ዝም ያለውን ነገር እንዴት አገኙት? እዚህ ላይ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ክፍል ይመጣል። ፊንስፓይ የቀዳውን የሚልክበት ሰርቨር አለ። በነሐሴ 2012 ክላውዲዮ ጓርኒዬሪ የተባለ ተመራማሪ የባህሬኑን ሰርቨር እንደ ተራ ድረ ገጽ ቢያንኳኳው እንግዳ መልስ ሰጠው፤ "ሃሎ ሽቴፊ" አለው፣ በጀርመንኛ። ሽቴፊ ማን እንደሆነች እንጃ፤ አንድ ፕሮግራመር ለጨዋታ ትቷት ሳይሆን አይቀርም። ተመራማሪው ይቺን ሰላምታ ይዞ በዓለም ላይ ያሉ ሰርቨሮችን ይፈልግ ጀመር፤ ሃሎ ሽቴፊ የሚል ሌላ ማን አለ? ከአሥር ባልበለጡ አገሮች ተገኘ። ከነሱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

መጋቢት 13 ቀን 2013 ሲቲዝን ላብ ሌላ ሪፖርት አወጣ። አሁን አገሮቹ 25 ደርሰዋል። ለኢትዮጵያ የተዘጋጀው ወጥመድም ተገኘ፤ የግንቦት 7 አባላት ፎቶ የያዘ ፋይል። ስትከፍቱት ፎቶውን ያሳያችኋል፣ ከጀርባ ግን ፊንስፓይ ይገባል። የሚልክበት አድራሻ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም ነበር። ግንቦት 7 በ2011 በፓርላማ አሸባሪ ተብሎ ተሰይሞ ነበር (ስያሜው በ2018 ተነሳ)፤ ስለዚህ ፎቶውን የሚከፍተው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። የፍላሹ ቫይረስ ማንንም አያውቅም ብለን አልነበር? ይሄኛው ስማችሁን ያውቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ሰው ይህን ከሰማ በኋላ የቤት ኮምፒውተሩን አስመረመረ። ሰውዬው ኢትዮጵያ ተወልዶ አሜሪካ ጥገኝነት ያገኘ፣ በኋላም ዜግነት የወሰደ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ እንዳይጎዱ ፈርቶ ፍርድ ቤቱን በሐሰተኛ ስም ልጠራ ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ኪዳኔ ተባለ። ምርመራው ያሳየው፣ ከሚያውቀው ሰው የተላለፈለት ኢሜይል ላይ የተያያዘ የወርድ ፋይል ከፍቶ ነበር። ፊንስፓይ ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 በቤቱ ኖሯል። ሥራውን ያቆመው ሪፖርቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን ነው። አንድ ሰው ሪፖርቱን አንብቦ ዕቃውን ለመሰብሰብ የቸኮለ ይመስላል።

ሲቸኩል ግን ጠርጎ አልጨረሰም። ፕሮግራሙ ለመላክ አዘጋጅቶ ያስቀመጣቸው ፋይሎች ኮምፒውተሩ ላይ ቀርተዋል። የስካይፒ ንግግሮች ተቀድተዋል። ቤተሰቡ በኢንተርኔት የፈለገው ነገር ተመዝግቧል። ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት የቤት ሥራ ዊኪፒዲያ ላይ ያነበበው ሳይቀር አለበት። እኔ በዚህ መዝገብ ውስጥ ብዙ ከባድ ነገር አንብቤያለሁ፤ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን ይሄ ነው። ውድ ዋጋ የተከፈለበት የመንግሥት የስለላ መሣሪያ፣ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ተሻግሮ የአንድ ጎረምሳን የቤት ሥራ ሲሰበስብ።

አሁን ወደ ጎብዬው ጠጋኝ እንመለስና እንጠይቅ፤ ይህ ኮምፒውተር እሱ ዘንድ መጥቶ ቢሆን ምን ይሆን ነበር? ፎርማት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፊንስፓይም፣ የተቀዳው ንግግርም፣ የሰርቨሩ አድራሻም፣ ማን መቼ እንደገባ የሚናገረው ሁሉ በአንድነት ይሄዳል። ኪዳኔ ኮምፒውተሩ ይጸዳለታል፣ ክስ ግን አይኖረውም። ፎርማት በሽታውን ብቻ ሳይሆን ምስክሩንም ነው የሚገድለው። ለሾርትከት ቫይረስ ይሄ ለውጥ የለውም፤ ማንን ትከሳላችሁ? በስም ለተላከ ነገር ግን ዲስኩ ላይ ያለው ቆሻሻ ሁሉ ማስረጃ ነው። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ነቅሎ፣ ሳይነኩ፣ ኢሜይሉንም ሳያጠፉ ለሚያውቅ ሰው መስጠት የሚባለው ለዚህ ነው።

ደግሞም ስካይፒ ብቻውን የሚያወራ ሰው የለም። ሜሪላንድ ያለው ኮምፒውተር ሲጠለፍ በወዲያኛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ድምፅም አብሮ ይቀዳል። እሱ ፍላሹን ያጽዳ፣ አንቲቫይረስ ይጫን፣ ምንም አይጠቅመውም። ከራያ ቆላ ስንት ሰው ጅዳና ሪያድ፣ ስንት ሰው አሜሪካ ካለ ዘመዱ ጋር በየሳምንቱ እንደሚያወራ ለምታውቁ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ኪዳኔ ብቻውን አልነበረም። ለንደን ይኖር የነበረው የግንቦት 7 አመራር ታደሰ ክርስሞ ኮምፒውተርም ላይ የፊንስፓይ ዱካ ተገኝቶ፣ ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ለእንግሊዝ ፖሊስ አቤት ብሏል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ደግሞ የኢሳት ሠራተኞች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከሩ፤ ያ የጣልያኑ ሃኪንግ ቲም ዕቃ ነው። መንግሥት በወቅቱ አስተባበለ። ሃኪንግ ቲምም ደንበኞቼን አልናገርም አለ። ይሁንና ሌባም ይሰረቃል። በሐምሌ 2015 የኩባንያው የራሱ ኮምፒውተሮች ተሰብረው 400 ጊጋባይት ሰነድ ሜዳ ላይ ተበተነ፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ደንበኛ ሆኖ በኢሜይሎቹ ውስጥ ተገኘ። ኢሜይሎቹን ስታነቡ ኩባንያውን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ደንበኛው ዕቃውን በዝርክርክ አያያዝ ማስነቃቱ ነው። ጋዜጠኞቹ አይደሉም ያስጨነቁት ማለት ነው። ዝርክርክነቱ አልተሻለም፤ በ2017 መጨረሻ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ዕቃ ተራ ሲደርስ (በሐሰተኛ የፍላሽ ፕሌየር አፕዴት ነበር የሚገባው፣ ከታላሚዎቹ አንዱ ጃዋር መሐመድ) ሰላዮቹ የሥራ መዝገባቸውን ማንም ሊያነበው በሚችል ሰርቨር ላይ ከፍተው ትተውት ተገኝቷል።

የኪዳኔ ክስ የተመሠረተው በየካቲት 2014 ነው፤ ጠበቆቹ የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሰዎች ናቸው፣ ተከሳሹ የኢትዮጵያ መንግሥት። የኢትዮጵያ ጠበቆች ዋና መከራከሪያ "አላደረግንም" አልነበረም። "ብናደርግም በእናንተ ፍርድ ቤት አንከሰስም" ነው። የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥታትን ከክስ ይከላከላል፤ አሜሪካ ውስጥ ለደረሰ ጉዳት ግን የተወሰነ በር ይከፍታል። ክርክሩ ሁሉ እዚያ በር ላይ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው የት ነው? ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ ነው፣ ሰውዬው ሜሪላንድ ነው፣ ስካይፒው የተቀዳው ሜሪላንድ ነው። ወጥመዱ የታሰበውና የተላከው ግን ከውጭ ነው።

በግንቦት 2016 የሥር ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋ። መጋቢት 14 ቀን 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጸናው፤ ጥፋቱ ከማሰቡ እስከ መፈጸሙ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ መሆን አለበት ብሎ። በ1976 ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ቦምብ የተገደለው የቺሊ ዲፕሎማት ኦርላንዶ ሌተሊየር ቤተሰቦች ቺሊን መክሰስ ችለው ነበር፤ ልዩነቱ የቺሊ ሰዎች አሜሪካ ገብተው መሥራታቸው ነው። ከዚህ ውሳኔ የሚወጣው ትምህርት ለሰላይ መንግሥታት በጣም ግልጽ ነው። ሰው ከላካችሁ ትከሰሳላችሁ፣ ፋይል ከላካችሁ አትከሰሱም። ዳኞቹ ሕጉን አነበቡ እንጂ አልፈለሰፉትም ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ሕጉ ሲጻፍ፣ በ1976፣ የሰው ቤት ሳይገቡ መግባት እንደሚቻል ማንም አላሰበም ባይ ነኝ። የማኒላውን ልጅ አስታወሳችሁት?

በዚያው 2016 እኛም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አወጣን፤ አዋጅ ቁጥር 958/2008 (በኛ አቆጣጠር)። ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትን በእስራት ይቀጣል። እዚያው ውስጥ ደግሞ አስቸኳይ ነው ከተባለ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠለፋ እንዲጀመር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሊፈቅድ ይችላል፤ ለፍርድ ቤት የሚያሳውቀው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው።

እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ለንደን የሚኖሩ ሁለት የባህሬን ተቃዋሚዎች ኮምፒውተራቸው በዚያው በፊንስፓይ ተጠልፎብናል ብለው ባህሬንን ከሰሱ። ባህሬንም እንደ ኢትዮጵያ አልከሰስም አለች። በጥቅምት 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እንግሊዝ ያለን ኮምፒውተር መነካካት፣ የሚነካካው ሰው ባሕር ማዶ ቢቀመጥም፣ እንግሊዝ ውስጥ የተፈጸመ ድርጊት ነው ብሎ ክሱ እንዲቀጥል ወሰነ። ያው ሶፍትዌር፣ ያው መከራከሪያ፣ ሌላ ሕግ። ፊንስፓይን ይሸጥ የነበረው የሙኒኩ ኩባንያ በ2022 ኪሳራ አውጇል፤ በ2023 የቀድሞ ኃላፊዎቹ ያለ ፈቃድ ለቱርክ ሸጣችኋል ተብለው ጀርመን ውስጥ ተከሰዋል። በቱርክ እንጂ በኢትዮጵያ ሽያጭ አይደለም።

የዋሽንግተኑ መዝገብ ሲዘጋ የከሳሹ ስም ሲከፈት የነበረው ነው፤ ጆን ዶ፣ ሌላ ስሙ ኪዳኔ። ከሱ ስር የተከሳሹ ስም ሳይቆረጥ ሙሉውን ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ።